ወደ ምዕራብ ለሚያይ መኝታ ቤት ምን ዓይነት መስታወት ይሻላል?

የለገጣፎዋ፦
ለገጣፎ ጂ+1 ቤት እየሠራሁ ነው፤ ልስኑ አልቆ መስኮት ላይ ደርሻለሁ። የእናቴ መኝታ ቤት ወደ ምዕራብ ያያል፣ ከደሴው አስፋልትም 30 ሜትር አይርቅም። ከ9 ሰዓት ጀምሮ ክፍሉ ይግላል። ሌሊት ደግሞ ገልባጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ድምፁ አያስተኛም። በኅዳር ብርድ ጉልበቷን ያማታል። አሉሚኒየም ሠራተኛው «6 ሚሊ አንጸባራቂ አድርጊበት፣ ሁሉንም ይገላግልሻል» ይለኛል። ዘመዴ ደግሞ ድርብ መስታወት ከውጭ አስመጪ ባይ ነው። የቱን ልስማ?

ጎረቤት፦
እኔ አንጸባራቂ አስገብቼ ሙቀቱ ቀንሶልኛል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ማታ መብራት ሲበራ ከውጭ ሁሉም ይታያልና መጋረጃ አትርሺ።

መስኮት ገጣሚ፦
እህቴ፣ ሙቀቱ፣ ብርዱና ድምፁ ሦስቱም አንድ መድኃኒት የላቸውም። ለደቡብ መስኮት ከላዩ ወደ ውጭ የወጣ ክፈፍ ይበቃል፤ በታኅሣሥ እንኳ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ 32 ዲግሪ ብቻ ነው የምታዘነብለው። የምዕራቧ ግን ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ፣ መስኮቱን አጥብበሽ ከውጭ ቋሚ መከላከያ አቁሚበት። ከመስታወት ቀለም ይህ ይበልጣል።

ለብርዱ ድርብ ይረዳል፤ ነጠላው ከሚያስወጣው ሙቀት ግማሽ ያህሉን ያስቀራል።

ድምፁ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው። 4-12-4 ድርብ (ሁለት ባለ 4 ሚሊ መስታወት፣ መሃላቸው 12 ሚሊ አየር) ከ6 ሚሊ ነጠላ እምብዛም አይሻልም፤ መሃል ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ እየሆነ የሞተሩን ወፍራም ድምፅ ያሻግረዋል። የሁለቱ ውፍረት ይለያይ፣ አንዱም መሃሉ ላስቲክ የተለጠፈበት ላሚኔትድ ይሁን። ተንሸራታች በፍጹም! የጠርዙ ክፍተት የሚዘጋው በብሩሽ ነው። አንድ ደንበኛዬ ቤት ደረሰኝ አስገብቼ መስኮቱን ዘጋሁት፤ ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣ። አየር ባለፈበት ድምፅም ያልፋል።

የማስመጣቱን ነገር ደግሞ አስቢበት። ባሕር ጠረፍ የታሸገ ድርብ እኛ ጋ ሲደርስ የውጭው የአየር ግፊት ሩብ ያህል ስለሚቀንስ መሃሉ የታሰረው አየር መስታወቱን ያሳብጠዋል። እንዲህ ያለ አይቻለሁ፤ የፊት ለፊቱን ፎቅ አጣሞ ያሳይ ነበር፣ ቆይቶም ማሸጊያው ለቆ መሃሉ ላይ ጤዛ ያዘ። እዚሁ የታሸገ ወይም ግፊት የሚያመጣጥን ቀጭን ቱቦ ያለው ጠይቂ።

የለገጣፎዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። አሉሚኒየሙ ገና አልተቆረጠም፣ ነገ ጠዋት አስቀይረዋለሁ። የሚከፈተው ወደየት ይሁን?

መስኮት ገጣሚ፦
ከውጭ መከላከያ ስለሚኖርሽ ወደ ውስጥ። ጎማው ዙሪያውን ሁለት ረድፍ ይሁን። በፍሬሙና በግድግዳው መሃል ያለውን ክፍተት በልስን ሸፍነው እንዳያልፉት፣ አጠገባቸው ቆመሽ አስሞይው።