የኮባልት ፎስፌት ሽፋን ከመስታወቱ እየተላጠ አስቸግሯል፤ ምክር እንፈልጋለን

ሰላም ለሁላችሁ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ቤተ ሙከራ ኬሚስቶቹ ካናንና ኖሴራ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙትን ዓይነት ውሃ ከፋይ ካታሊስት (በኤሌክትሪክ ከውሃ ኦክስጅን ማውጣትን የሚያፋጥን ሽፋን) እየሠራን ነው። ተክል በፎቶሲንተሲስ ውሃ ሲከፍል በማንጋኒዝና በካልሲየም የሚሠራውን በኮባልት መሞከር መሆኑ ነው።

ሙሙቱ (ሽፋኑ የሚወጣበት ፈሳሽ) 0.1 ሞላር ፖታሲየም ፎስፌት፣ ፒኤች 7፣ ኮባልት ናይትሬት 0.5 ሚሊሞላር። ኮባልቱ ሲበዛ ሮዝ ዝቃጭ ስለሚወርድ ከዚያ አላለፍንም። የሚሸፈነው 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ኤፍቲኦ መስታወት (አንዱ ፊቱ ከረንት በሚያስተላልፍ ስስ ኦክሳይድ የተቀባ)፣ ተቃራኒው ኤሌክትሮድ የፕላቲኒየም ሽቦ። ከብር ክሎራይድ ማጣቀሻ ኤሌክትሮድ (ቮልቴጅ የሚለካበት መነሻ) አንጻር 1.09 ቮልት እንሰጠዋለን፤ ከሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ አንጻር 1.29 ገደማ ነው።

ጥቁር ቡናማው ሽፋን ጥሩ ይይዛል፣ ከረንቱም 1 ሚሊአምፒር ይደርሳል። ኮባልት ወደሌለበት ፎስፌት ሲዛወር ግን በ40 ደቂቃ ወደ 0.2 ይወርዳል፤ ጠርዙም እየተላጠ ይንሳፈፋል።

መስታወቱ በሳሙና፣ በአሴቶንና በኤታኖል ታጥቧል። ከረንት የሚያስተላልፈው ፊት በመልቲሜትር ተለይቷል። የቧንቧ ውሃ አልነካውም፣ ካልሲየሙ ከፎስፌቱ ጋር ይዘቅጣልና። መብራት ሲጠፋ (መጥፋቱ መቼ ይቀራል!) ቮልቴጅ ያጣው ኮባልት ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ የእኛ መላጥ ግን በዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ በሚተካው ባትሪ) ሆኖ ያው ነው።

ጥርጣሬያችን ሽፋኑ ወፍሮ የኦክስጅን አረፋ ከሥር እየገፋው ነው የሚል ነው። እናንተ በካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ኩሎምብ (ያለፈ የኤሌክትሪክ ቻርጅ መጠን) ላይ ሽፋኑን ታቆማላችሁ? ፈሳሹን እያማሰላችሁ ነው ወይስ ሳትነኩት? ሲዛወር ቮልቴጁ ለደቂቃ መቋረጡስ ይጎዳው ይሆን?