ከድሮ ላፕቶፕ ፋይል ማውጣት፣ ፎርማት ሳይደረግ ይቻላል?

የአቶቴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሀዋሳ ነኝ። አባቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። የድሮ ላፕቶፑ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ያዘጋጃቸው ፈተናዎችና ማስታወሻዎች አሉ፤ የእህቴ የሠርግ ፎቶዎችም እዚያው ናቸው። ዊንዶውስ 7 ነው። ባትሪው ከሞተ ስለቆየ በቻርጀር ብቻ ነበር የሚሠራው። ሰሞኑን መብራት ድርግም ብሎ ሲመለስ «ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ» ማለት ጀመረ። ጥገና ቤት ስወስደው ፎርማት ካልተደረገ አይነሳም አሉኝ። እውነት ነው? ፓስወርዱንም አባቴ ረስቶታል። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፣ በጣም ጨንቆኛል።

ብሎን ፈቺው፦
እህቴ፣ ፎርማት እንዳታስደርጊ፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ይደመስሰዋል! ኮምፒውተሩን ማስነሳትና ፋይሉን ማውጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንቺ የምትፈልጊው ሁለተኛውን ነው። መጀመሪያ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ ገብተሽ ሃርድ ዲስኩ መታየቱን እዪ። ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ካገኘሽው የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው፤ ሴቲንጉ ተቀያይሮ ሊሆን ስለሚችል የቡት ቅደም ተከተሉን (ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ) ማስተካከል ብቻ ሊበቃ ይችላል። ካልሆነ ሃርድ ዲስኩን አውጪው። በብዙ የድሮ ላፕቶፖች ከሥር ያለች ክዳን ተፈታ 2.5 ኢንች ዲስክ ትወጣለች። የሃርድ ዲስክ ኬዝ ወይም ከሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ገዝተሽ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሰኪው። ዩዘርስ የሚለው ፎልደር ውስጥ የአባትሽን ስም ታገኛለሽ። የዊንዶውስ ፓስወርድ ብቻ ከሆነ እዚህ አያግድሽም፤ ፈቃድ የለህም ቢልሽ ኮንቲኒው በይውና ታገሺ። ሲሰካ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀሽ ግን ካንስል!

ታቦር ሥር፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ስትሰኪው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማሽ ወዲያው ንቀይው፣ ደጋግመሽ አትሞክሪ። የሚያነበው ጭንቅላት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ በሠራ ቁጥር ዲስኩን ይፍቀዋል፣ ያን ጊዜ የባለሙያ ሥራ ነው። ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው የሚልሽንም አትስሚ፣ እርጥበቱ ይብስበታል። ድምፅ ከሌለው በጣም የምትፈልጊውን አስቀድመሽ ገልብጪ፣ ፊልምና ዘፈኑ ይቆይ። በዩኤስቢ 2 ከሆነ 300 ጊጋ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ የምትገለብጪበት ላፕቶፕ ባትሪው ደህና ይሁን፤ የሀዋሳን መብራት ታውቂዋለሽ። ፎልደሮቹ ጭራሽ ካልታዩሽ ቴስትዲስክና ፎቶሬክ የሚባሉ የጠፋ ፋይል ፈልገው የሚያወጡ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ያወጣሽውን ግን እዚያው አሮጌው ዲስክ ላይ አትጻፊ፣ ያልወጣውን ይደመስሰዋል።

የአቶቴ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ! ባዮሱ ምንም ስላላሳየ ዲስኩን አውጥቼ ሰካሁት፣ ድምፅም የለው። ፎቶዎቹ በሙሉ አሉ፣ እህቴ አለቀሰች። የአባቴ ፈተናዎች ግን ሲከፈቱ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ሆነው መጡ። ተበላሽተው ይሆን?

ቀለም ወዳዱ፦
አይዞሽ፣ የፎንት ጉዳይ ይመስለኛል። ግዕዝ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ሰው በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የድሮ ፎንቶች መጻፉን ቀጥሏል። በእነሱ ሲጻፍ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ኮድ ነው፣ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ጽሑፉን ምረጪና ወርድ ላይ የፎንቱን ስም እዪ። ኢንተርኔት ላይ መፈለግም ላያስፈልግሽ ይችላል፤ እዚያው አሮጌው ዲስክ ላይ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ይኖራል። ቀድተሽ አዲሱ ላይ ጫኚው። አማርኛው ሲመጣልሽ ሁሉንም ፒዲኤፍም አድርገሽ አስቀምጪ፣ አባትሽ ስልኩ ላይም ያነበዋል።