ሶስት የሚመሳሰሉ ግራጫዎች፣ ለሳሎን የቱ ይሻላል?

ሚሚ_ሜሪላንድ
ሰላም ለሁላችሁ፣ ቤት ያስቀባችሁ ወይም ስራው ላይ ያላችሁ እስቲ እርዱኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ታውንሃውስ ገዝተን ገብተናል፣ የበፊቶቹ ሰዎች ግድግዳውን በሙሉ ደማቅ ቢጫ አድርገውት ነው የሄዱት ስለዚህ ሶፋና መጋረጃ ሳልገዛ መጀመሪያ እሱን ላስቀባ ነው። ፈዘዝ ያለ አይን የማይወጋ ነገር ነው የምፈልገው፣ ነጭ ግን አይሆንም ልጆች አሉ። ሸርዊን ዊሊያምስ ከሚባለው የቀለም ካምፓኒ ሶስት መረጥኩ፣ አግሪኤብል ግሬይ 7029፣ ሪፖዝ ግሬይ 7015 እና አክሰሰብል ቤዥ 7036። ባለቤቴ ሶስቱም አንድ ናቸው አንዱን ያዢና እንጨርስ ይላል፣ እኔ ደሞ አንድ አይደሉም ብዬ ድርቅ ብያለሁ ግን ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። የሳሎኑ መስኮት ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፣ ወለሉ ኦክ እንጨት ነው ያ ብርቱካን ብርቱካን የሚለው፣ መብራቱ ኤልኢዲ። እማዬ ለፋሲካ ስለምትመጣ ከዛ በፊት ማለቅ አለበት። ምን ትላላችሁ?

ቀቢው_ዲኤምቪ
እህቴ ልክ ነሽ፣ አንድ አይደሉም። እዚሁ ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ቤት መቀባት ስራዬ ነው፣ እነዚህን ሶስቱን ደጋግሜ ቀብቻቸዋለሁ። ልዩነታቸውን የቀለም ናሙና ካርዱ ላይ ለማየት የመረጥሽውን ብቻ አትይ፣ ከሱ ቀጥለው የሚመጡትን ጠቆር ያሉትን እያቸው። ከሪፖዝ ቀጥሎ ማይንድፉል ግሬይና ዶሪያን ግሬይ አሉ፣ እነሱ ግራጫ ናቸው በቃ። ከአግሪኤብል ቀጥሎ አኒው ግሬይና ሜጋ ግሬዥ አሉ፣ እዛ ጋ ቡኒነቱ ብቅ ማለት ይጀምራል። ከአክሰሰብል ቀጥሎ ደሞ ባላንስድ ቤዥና ቶኒ ቶፕ፣ እነሱ የለየላቸው አፈርማ ቡኒ ናቸው። ፈዛዛው ላይ የተደበቀው ነገር ጠቆር ያለው ላይ ይወጣል፣ ግድግዳ ሙሉ ሲቀባ ደሞ ያው ነገር ነው ቤትሽን የሚሞላው።

ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል እዚህ አገር ቀጥታ ፀሀይ ብዙም አያገኝም፣ የሚገባው ብርሃን ቀዝቃዛ ነው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ሪፖዝ እዛ ውስጥ በተለይ ደመና ቀን ሰማያዊ ይመስላል፣ አንዳንድ ቤት እንደውም ሐምራዊ ነገር ያሳያል። ያንቺ ወለል ደሞ ብርቱካንማ ነው፣ ብርቱካንማ ነገር አጠገቡ ያለውን ግራጫ የባሰ ሰማያዊ ያስመስለዋል። እኔ ብሆን ሪፖዝን ከወዲሁ አወጣዋለሁ፣ ፀሀይ በደንብ የሚገባበት ክፍል ላይ ግን በጣም የሚያምር ቀለም ነው እንዳትጠይው።

ቁጥር_ወዳጅ
የቀቢውን ሀሳብ በቁጥር ላጠናክር። ኤልአርቪ የሚባል ነገር አለ፣ ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ነው፣ 0 ጥቁር 100 ነጭ። አግሪኤብል 60 ነው፣ ሪፖዝና አክሰሰብል ሁለቱም 58። ባለቤትሽ አንድ ናቸው ያለው ለዚህ ነው፣ ድምቀታቸው በእውነትም አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሚለያዩት ሙቀታቸው ላይ ነው። ካምፓኒው ለኮምፒውተር ስክሪን የሚያወጣውን የቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ቁጥር ብታይ ሪፖዝ 204፣ 201፣ 192 ነው፣ አግሪኤብል 209፣ 203፣ 193፣ አክሰሰብል 209፣ 199፣ 184። ከቀዩ ላይ ሰማያዊውን ቀንሺ፣ 12፣ 16 እና 25 ይመጣል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወደ ቤዥ እየሄደ ነው፣ እና አግሪኤብል ለሪፖዝ ነው የሚቀርበው ለቤዡ አይደለም። ስክሪን ላይ አይቶ መወሰን ግን አይቻልም፣ እንዴት እንደሚለያዩ ለማወቅ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ጀበና_እና_እጣን
እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁሉም ቀን ቀኑን ነው የሚያወራው፣ እኛ ሀበሾች ግን ሳሎን ውስጥ የምንቀመጠው ማታ ነው፣ ከስራ ስንመለስ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ቡና ሲፈላ። ማታ የመስኮቱ አቅጣጫ ምንም አይሰራም አምፖሉ ነው የሚወስነው። አክሰሰብል ቤዥ በ2700 ኬልቪን አምፖል ስር (ኬልቪን የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው፣ ዝቅ ሲል ቢጫ ከፍ ሲል ሰማያዊ) ቢጫ ቢጫ ይላል፣ ሚሚ ደሞ ከቢጫ ልትሸሽ ነው ገንዘብ የምታወጣው! 5000 ካደረግሽው ደሞ ሳሎኑ ክሊኒክ ይመስላል። እኔ 3000 ወይ 3500 አድርጊና አግሪኤብልን ቀቢ ነው የምለው። ሌላው፣ እጣን የሚጨስበት ቡና የሚቆላበት ቤት ስለሆነ ፍላት፣ ማለትም ምንም የማያብለጨልጭ ቀለም እንዳታስቀቢ፣ ፍላት በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርጊው ቦታው ያስታውቃል።

ቀቢው_ዲኤምቪ
የአምፖሉ ነገር ትክክል ነው፣ እኔም መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ። ሳሎን ኤግሼል (ትንሽ የሚያብለጨልጭ)፣ ኪችን ሳቲን (ከሱ ትንሽ ይበልጥ)፣ ኮርኒሱ ላይ ብቻ ፍላት።

ሚሚ ሳምፕል ስትገዢ ቢጫው ግድግዳ ላይ በቀጥታ እንዳትቀቢው፣ ቢጫ ከቦት የተቀመጠ ግራጫ በሙሉ ሐምራዊ ነው የሚመስለው እና በሌለበት ጥፋት ትጥይዋለሽ። ነጭ ትልቅ ካርቶን ግዢ፣ ዳር ዳሩን ነጭ ተይና ሁለት ኮት ቀቢው (ሁለት ጊዜ ደርበሽ ማለት ነው)፣ ይድረቅ፣ እርጥብ እያለ አትፍረጂ ሲደርቅ ይለወጣል። ከዛ ካርቶኑን እያዞርሽ እይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ፣ ወለሉ ላይ አስደግፈሽ፣ ጠዋትም ማታም። በቁም አድርጊው እንጂ መሬት ላይ አታንጥፊው፣ ብርሃኑ ሌላ ነው የሚሆነው።

ሚሚ_ሜሪላንድ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ካርቶኑን አደረኩት፣ ሪፖዝ ጠዋት መስኮት አጠገብ ሳየው ሰማያዊ ነው ባለቤቴ ራሱ አየውና ዝም አለ። አግሪኤብል ጥሩ ነው ግን ወለሉ ጋ ስጠጋው ቀዝቀዝ ይልብኛል፣ አክሰሰብል ከኦኩ ጋር ተስማማ፣ አምፖሉን 3000 ሳደርገው ማታም ቢጫ አላለም። ስለዚህ ሳሎኑ አክሰሰብል ቤዥ፣ አግሪኤብል ደሞ ላይ ፎቅ ላሉት መኝታ ቤቶች ምንጣፋቸው ግራጫ ስለሆነ። የቀረኝ የበርና የመስኮት ጠርዙ ነው፣ ምን አይነት ነጭ ላድርገው? ስንት ጋሎንስ ይበቃኛል?

ቀቢው_ዲኤምቪ
ጠርዙን ፒዩር ዋይት 7005፣ ሴሚግሎስ (ከሳቲን ይበልጥ የሚያብለጨልጨው)። ኤክስትራ ዋይት ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ቤዡን ያቆሽሸዋል። አንድ ጋሎን ከ350 እስከ 400 ስኩዌር ፊት ይሸፍናል ለአንድ ኮት፣ አንቺ ሁለት ኮት ነው የምትፈልጊው፣ ቢጫው ደማቅ ስለሆነ ከስር ፕራይመር፣ ማለትም መነሻ ቀለም አስደርጊ። የግድግዳውን ስፋት ለክተሽ እዚህ ጻፊልኝ አሰላልሻለሁ፣ ለአንድ ክፍል የሚበቃውን ደሞ በአንድ ቀን ግዢው።