ዋይሊ ኮሌጅ በ1935 የረታው ሃርቫርድን ነው ወይስ ሌላ?

የሜሮን አባት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ናት። የትምህርት ቤቷ የክርክር ቡድን ውስጥ ከገባች ወዲህ ቤታችን ክርክር የማይነሳበት እራት የለም። አሁን ስለ አንድ የቆየ የኮሌጅ ቡድን ክፍሏ ፊት ቆማ እንድታቀርብ ታዘዘችና የመረጠችው የማርሻሉን ዋይሊ ኮሌጅ ነው። እዚሁ ቴክሳስ ነው፣ ከዳላስ ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢነዳ ነው።

እኔ ዴንዘል ዋሽንግተን የሠራውን ፊልም አይቼ ስለነበር "ሃርቫርድን ነው ያሸነፉት" አልኳት። እሷ ደግሞ "አባዬ፣ ሃርቫርድ አይደለም" ብላ ድርቅ አለች። ማን ልክ ነው?

ሌላው ጥያቄዬ፣ መምህሯ የዘመኑን ታሪክም እንድትጨምርበት ነግራታለች። የዘር መድልዎው፣ የኢኮኖሚ ቀውሱ፣ እሱ ይገባኛል። ከኛ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር ካለ ግን እንዲያመልጣት አልፈልግም። ተጎትቶ የመጣ እንዳይሆን፤ እውነተኛ ከሆነ ብቻ። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ምሥራቅ ቴክሳስ፦

ልጅህ ልክ ናት። ቡድኑ በኤፕሪል 1935 ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዶ የገጠመው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን ነው፣ ዩ.ኤስ.ሲ የሚሉትን። በጊዜው የአገሪቱ ሻምፒዮን እነሱ ነበሩ። ሃርቫርድ ፊልሙ ላይ የገባው ተመልካች ቶሎ የሚያውቀው ስም ስለሆነ ይመስለኛል። ለእኔ ግን እውነተኛው ይበልጣል። ከምሥራቅ ቴክሳስ ተነስቶ ኒው ሜክሲኮን አቋርጦ ካሊፎርኒያ መድረስ ማለት ለጥቁር ተማሪዎች በዚያ ዘመን ምን እንደነበር አስበው። ሆቴሉ አያሳድራቸውም፣ ምግብ ቤቱ አያስገባቸውም። የሚያድሩት በጥቁር ቤተሰቦች ቤትና በጥቁሮች ኮሌጆች ነበር። እንደዚያ እየነዱ ሄደው፣ በማግስቱ ልብሳቸውን ተኩሰው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ ይቆማሉ።

ኮሌጁ በ1873 ሜቶዲስቶች ነፃ ለወጡት ባሮች ልጆች የከፈቱት ነው፤ ትንሽ ነበር። አሰልጣኙ ሜልቪን ቶልሰን የእንግሊዝኛ መምህርና ገጣሚ ነበር። ቡድኑን ያቋቋመው በ1924 ነው። ስለዚህ የ1935ቱ ድል በአንድ ዓመት የመጣ አይደለም፣ የአሥር ዓመት ሥራ አለበት። በ1930 ቺካጎ ላይ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች ጋር ተከራክረዋል። ቆይቶም ከኦክላሆማ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ እዚህ ፎርት ወርዝ ደግሞ ከቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ጋር።

ልጅህ እንዳትሳሳት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። "ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆኑ" እንዳትል። ሻምፒዮኑን ረቱ፣ ማዕረጉ ግን አልተሰጣቸውም። ውድድሩን የሚመራው ፓይ ካፓ ዴልታ የሚባለው የክርክር ማኅበር ጥቁሮችን አባል አያደርግም ነበር፤ በሩን የከፈተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በነጭና በጥቁር ኮሌጆች መካከል ከተደረጉት ክርክሮች ብዙዎቹም ዳኛ አሸናፊ የማይናገርባቸው ነበሩ። ተከራክረው፣ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ይሄን ሳስብ ሁልጊዜ ያበሳጨኛል። ዓመቱን ሙሉ ለፍተህ ውጤትህ የትም አይጻፍም።

ሎስ አንጀለስ ላይ ከቆሙት አንዱ ሆባርት ጃሬት በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ዘ ክራይሲስ በተባለው መጽሔት ስለነዚህ ክርክሮች ራሱ ጽፏል። ፊልሙን ትተው እሱን ቢያነቡ ይሻላል።

ታሪክ ወዳድ፦

ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ጥያቄህን እኔ ልመልሰው፣ ምክንያቱም ግንኙነቱ በጣም እውነተኛ ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚያነሳው አይመስለኝም።

የ1934-35 የአሜሪካ ኮሌጆች የክርክር ርዕስ ምን ነበር መሰለህ? "አገሮች የጦር መሣሪያ ከአገር ወደ አገር እንዳይሸጋገር ለመከልከል ይስማሙ" የሚል ነው። የመጣውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የሴናተር ናይ ኮሚቴ በ1934 መሣሪያ ነጋዴዎች ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ምን ያህል እንዳተረፉ መመርመር ጀምሮ ስለነበር አሜሪካ ሁሉ የሚያወራው ይሄንኑ ነው።

አሁን ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጣቸው። ከጣልያን ጋር የነበረው የወልወል ግጭት ኅዳር 26 ቀን 1927 ነው። ዋይሊ ሎስ አንጀለስ ላይ የተከራከረው በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ ነው። ጣልያን መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። ማለት የክርክሩ ወቅት ያለው በወልወልና በወረራው መካከል ነው። ተማሪዎቹ መድረክ ላይ በነጥብ የሚከራከሩበት ጉዳይ በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ለእኛ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

እንዴት ብትል፣ ጣልያን ጠመንጃውን፣ ታንኩን፣ አውሮፕላኑን በራሱ ፋብሪካ ይሠራል። እኛ ፋብሪካ የለንም። መሣሪያው ከውጭ ተገዝቶ በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው። በ1935 ክረምት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን አንሸጥም አሉ። አሜሪካ በኦገስት መጨረሻ የገለልተኝነት ሕግ አወጣች፤ ወረራው ሲጀመር ሩዝቬልት በሁለቱም ላይ ተግባራዊ አደረገው። ስሙ እኩል ክልከላ ነው፣ የጎዳው ግን ፋብሪካ የሌለውን ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር በኦክቶበር እገዳውን በጣልያን ላይ ብቻ ሲያደርገው ለእኛ ጊዜው መሽቶ ነበር።

ሜሮን ይሄን ብትነግራቸው ክፍሉ ፀጥ ይላል። "መሣሪያ ይታገድ" ሲባል ማን የማይስማማ አለ? የሰላም ነገር ነው። ግን ማን ላይ ይወድቃል ብለህ ስትጠይቅ መልሱ ይለወጣል። ጥሩ ተከራካሪ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ጥቁር አሜሪካውያንም የኢትዮጵያን ጉዳይ እንደ ራሳቸው ነው የያዙት። በዚያ ክረምት ሃርለም ውስጥ ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጥተዋል። ኢትዮጵያዊው ሐኪም መላኩ በያንም በዚያው በ1935 ነው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው። ኋላ ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋመ።

ትዕግሥት ከአዲስ አበባ፦

እኔ እዚህ ተማሪዎችን በክርክር አሠለጥናለሁ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ወንዶቹን ብቻ አነሳችሁ። ሄንሪታ ቤል ዌልስን አትርሷት! በ1930 የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆና ገባች፣ በቡድኑ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ቺካጎ ላይ ከሚሺጋን ጋር ሲከራከሩ እሷም ነበረች። የሂዩስተን ልጅ ናት፣ እስከ 2008 ኖራለች። በ1935ቱ ጉዞ ግን አልነበረችም፤ እሱን ፊልሙ አደባልቆታል፣ ሜሮን ትለየው።

ሜሮን እዚያ ክፍል ፊት ስትቆም የሄንሪታን ስም ብትጠራ ደስ ይለኛል። የእኔ ሴት ተማሪዎች ጥሩ ነጥብ ይዘው ድምፃቸው ዝቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ያኔ የምነግራቸው የእሷን ታሪክ ነው። ቶልሰን ተከራካሪዎቹን እያንዳንዱን የእጅ እንቅስቃሴ፣ የት ቆም ማለት እንዳለባቸው ሳይቀር ደጋግሞ ያለማምዳቸው ነበር። ድፍረት በልምምድ ይመጣል። አይቼዋለሁ።

ደግሞ ጄምስ ፋርመር አለ። በ14 ዓመቱ ዋይሊ የገባ ልጅ! በዚያ ወቅት ገና ተጠባባቂ ነበር። በ1942 ኮር የሚባለውን የመብት ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፣ በ1961 ደግሞ የዘር መለያየትን የሚቃወሙትን የነፃነት ተጓዦች በአውቶቡስ ወደ ደቡብ ያሰማራው ድርጅቱ ነው። ማርሻልም ውስጥ በ1960 የዋይሊና የቢሾፕ ኮሌጅ ተማሪዎች ነጭ ብቻ በሚስተናገድበት የምግብ መደብር ተቀምጠው ተቃውመዋል። አየህ ወንድሜ፣ ቶልሰን በ1947 ለቆ ሄዶም እዚያ ግቢ ውስጥ የመናገር ልማድ አልሞተም።

የሜሮን አባት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትዕግሥት፣ ያንቺን ሳነብላት ሁለት ጊዜ "ድገምልኝ" አለችኝ። የሃርቫርዱን ነገር ይቅርታ ጠይቄአታለሁ።

ታሪክ ወዳድ፣ ስለ መሣሪያው እገዳ የጻፍከውን አንብባ እቅዷን ከላይ እስከ ታች ቀየረች። መጀመሪያ ርዕሱን ሰሌዳ ላይ ትጽፍና ክፍሉን እጅ እንዲያወጣ ትጠይቃለች፣ ማን ይደግፋል ማን ይቃወማል። ከዚያ ነው ኢትዮጵያን የምታመጣው። አያቴ ማይጨው ዘምቶ ነበር። የያዘው ጠመንጃ ከአባቱ የወረሰው ነበር ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ትናንት ማታ ለሜሮን ነገርኳት፣ እሷም ጻፈችው።

ቅዳሜ ማርሻል እንሄዳለን። ምሥራቅ ቴክሳስ፣ ግቢውን የምታውቀው ከሆነ መኪና የት እንደሚቆም ብትነግረኝ።

ምሥራቅ ቴክሳስ፦

በጠዋት ኑ፣ ቅዳሜ ቦታ አታጡም። ስልክህን በግል መልእክት ላክልኝ፣ እኔም እመጣለሁ።