የባህል ቀን ይሁን ወይስ መጀመሪያ እርቅ? (የ8ኛ ክፍል ወላጆች ክርክር)

አድሚን፦ ወላጆች እንደምን አመሻችሁ። ላልሰማችሁ በአጭሩ፣ ባለፈው ሳምንት ግቢ ውስጥ በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ኳስ ላይ ተጋጭተው የብሔር ስድብ ገባበትና በአማርኛ የሚማሩትና በአፋን ኦሮሞ የሚማሩት ለሁለት ተከፍለው ድንጋይ ተወራወሩ። አንድ ልጅ ጥርሱ ተሰብሯል፣ መስኮትም ረግፏል። ትምህርት ቤቱ ያመጣው መፍትሄ የባህል ቀን ነው፣ ሁሉም የብሔሩን ልብስ ለብሶ ምግብ ይዞ እንዲመጣ፣ ከየወላጁ ደግሞ 500 ብር። ቅዳሜ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) ስብሰባ አለው፣ ከዛ በፊት ሀሳብ ስጡ። የሚሳደብ ከግሩፑ ይወጣል።

የሊዲያ እናት፦ እኔ እደግፋለሁ። አንዱ የሌላውን ባህል ቢያውቅ ምን ይጎዳል? አብረው ሲበሉ ሲጨፍሩ ይረሱታል፣ ልጆች ናቸው እኮ

የናቲ አባት፦ ታዲያ በየዓመቱ ኅዳር 29 ምን ስናደርግ ነው የከረምነው? የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ከ1999 ጀምሮ ይከበራል፣ እነዚህ ልጆች ከኬጂ ጀምረው ለብሰው ጨፍረዋል፣ አሁን የተደባደቡት እነሱው ናቸው። ልብስ የሚያስታርቅ ቢሆን የባህል ልብስ የሚሸጥበት ሽሮ ሜዳ ጸብ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር 😅

የማህሌት እናት፦ 500 ብሩን እንኳን ተዉት፣ እኔ ምን ላልብሳት? አባቷ ጉራጌ፣ የኔ እናት ኦሮሞ፣ አባቴ ጎጃሜ። አምና "ብሔርሽን ጠይቀሽ ነይ" ተብላ መጣች፣ ቤታችን ተነስቶ የማያውቅ ጥያቄ እራት ላይ ተነሳ፣ አባቷ ሳቀ እሷ ግን አለቀሰች። እንደሷ ያለው ልጅ ስንት ነው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በዚህ ፕሮግራም የት ነው የሚቆመው?

የቦንሳ አባት፦ እንደምን ናችሁ። እስካሁን ዝም ያልኩት ልጄ ካንደኛው ወገን ስለሆነ ነው። ቦንሳ እዚህ ግቢ ከገባ ጀምሮ ከጓደኞቹ ጋር በቋንቋው ሲያወራ አነጋገሩን እያስመሰሉ ይስቁበታል። ለዩኒት ሊደሯ ተናገርኩ፣ "ልጆች ናቸው ይተዉታል" ተባልኩ። ድንጋይ ሲወረወር ነው ጉዳይ የሆነው። ልጄ ወርውሮ ከሆነ ይቀጣ፣ አልከላከልለትም። ግን ስለ ስድቡ ማንም ትንፍሽ ሳይል ጭኮ አሲዘህ ላከው ስባል ምኑ ነው እርቁ?

የሊዲያ እናት፦ በጣም አዝናለሁ የቦንሳ አባት ይሄን አላውቅም ነበር። ግን ሁላችንም ኢትዮጵያዊ ነን፣ ለምን በብሔር እናየዋለን?

የቦንሳ አባት፦ እህቴ እኔም ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ አይደለሁም የሚል ቃል አልወጣኝም። "ሁላችንም አንድ ነን" የሚባለው ግን ሁሌ እኔ ቅሬታ ሳነሳ ነው

የናቲ አባት፦ እዚህ ጋ እኔም የምለው አለኝ። በ2015 በኦሮሚያ ክልል መዝሙርና ባንዲራ ጉዳይ በብዙ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የሆነውን እናስታውሳለን፣ ትምህርት ተቋርጦ ልጆች ተጎድተው ታስረው። ያኔ ወላጅን ቁጭ አድርጎ ያወያየ አልነበረም፣ ጥያቄ ያነሳ ሁሉ የሆነ ስም ተለጠፈበት። ቅሬታ ያለው አንድ ወገን ብቻ ነው እንዳይባል።

የቦንሳ አባት፦ እሱም ይነሳ። እኔ እኮ ይነሳ ነው የምለው።

የኢክራም አባት፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ የወሎ ሰው ነኝ፣ እኛ ጋ አባጋር የሚባል ሽምግልና አለ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጥበታል። ሰው ሲጣላ ተቃቀፉ ተብሎ አይጀመርም፣ ማን ምን እንዳደረገ ይጣራል፣ የበደለ ጥፋቱን ይናገራል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ መብላቱ ከዛ በኋላ ነው። ኦሮሞውም ጉማ አለው፣ እሱም ያለ ካሳ አያልቅም። የጋሞ ሽማግሌዎች በ2011 መስከረም፣ ቡራዩ ውስጥ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ጥቃት የተቆጣው ወጣት አርባ ምንጭ ውስጥ ንብረት ሊያጠፋ ሲነሳ እርጥብ ሳር ይዘው ፊቱ ተንበርክከው ነው የመለሱት፣ ድግስ ደግሰው አይደለም። የትምህርት ቤቱ ሀሳብ መጨረሻ የሚቀርበውን ማዕድ መጀመሪያ አቅርቦታል። የልጁን ጥርስ ማን ያሳክም? መስኮቱን ማን ይጠግን? ቀድሞ የተሳደበው ማን ነው? 500 ብሩን ለጥርሱ ብናዋጣ ይሻላል።

ቲቸር (የአሜን አባት)፦ እኔ እዚህ አላስተምርም፣ ሌላ ትምህርት ቤት ነው ያለሁት፣ እንደ ወላጅ ነው የምጽፈው። የኢክራም አባት ያሉት ደስ ይላል ግን አንድ ነገር ያሰጋኛል። አዋቂዎቹ ሽማግሌዎች የሚያስታርቁት ሁለት ቤተሰብ ወይ ሁለት ጎሳ ነው። የ14 ዓመት ልጅ የማንም ተወካይ አይደለም፣ ከዚህ ወገን አምስት ከዛ ወገን አምስት ብለን ካስቀመጥናቸው ሁለት ወገን መሆናቸውን እኛው ማህተም መታንበት ማለት ነው። ሰልፍ ፊት አቁሞ "በድያለሁ በል" ማለት ደግሞ ማዋረድ ነው፣ ልጁ ቂም ይዞ ነው የሚሄደው። እስቲ ግቢውን እዩት፣ ክላሳቸው ሌላ ህንጻ፣ የጠዋት ሰልፋቸው ሌላ መስመር፣ ሚኒ ሚዲያው አንዱ ቀን የነዚህ ሌላው ቀን የነዛ፣ ኳስ ሜዳው ብቻ የጋራ፣ እዛም ክላስ ለክላስ ነው የሚጋጠሙት። የሚገናኙት ሊሸናነፉ ብቻ ነው። ቡድኑ ይቀላቀል፣ ሚኒ ሚዲያውን አብረው ይጻፉ አብረው ያንብቡ። የኔ ልጅ አፋን ኦሮሞ እንደ ሰብጀክት ይማራል፣ ለፈተና ሸምድዶ ጥሩ ያመጣል፣ አጥር ግቢው ውስጥ ቋንቋውን ከሚናገሩት ልጆች ጋር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አውርቶ አያውቅም። ይሄ አይገርምም?

የኢክራም አባት፦ ቲቸር ሰልፍ ፊት ያለ ማን ነው? ሽምግልና ዛፍ ስር ነው እንጂ ማይክ ላይ አይደለም። ሁለቱ ልጆችና ወላጆቻቸው በቂ ናቸው።

ቲቸር (የአሜን አባት)፦ እንደሱ ከሆነ ተስማምቻለሁ። ብቻ የብሔር ኮታ እንዳይገባበት።

የናቲ አባት፦ ቡድን ይቀላቀል ሲባል ግን መጀመሪያ የሚጮኸው ወላጅ ነው፣ ከሁለቱም በኩል፣ እዚህ ግሩፕ ላይም አለ ስም አልጠራም 🙂

የፊልሞን እናት፦ እኔም ልጻፍ። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ልጄ 3ኛ ክፍል ነበር፣ "ጁንታ" ይሉት ነበር። 3ኛ ክፍል! ያኔ ጥርስ አልተሰበረም መስኮት አልረገፈም፣ ስለዚህ ስብሰባ የጠራ የለም። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 2015 ተፈረመ፣ ፊልሞንን ግን እስከዛሬ ይቅርታ ያለው የለም፣ እኔም መጠየቅ ፈርቼ ተውኩት። የትምህርት ቤቱን የዲሲፕሊን ደንብ አንብቡት፣ ስልክ ይዞ ስለመግባት ተጽፏል፣ ስለ ጸጉር ተጽፏል፣ ስለ ብሔር ስድብ ግን ምንም የለም። ቅዳሜ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱ ይግባ፣ የተሰደበ ልጅ ለማን እንደሚናገርና የሰማው መምህር ምን ማድረግ እንዳለበት በጽሁፍ።

የማህሌት እናት፦ 👏👏 ይሄ ነው

የኪሩቤል እናት፦ ጥርሱ የተሰበረው የኔ ልጅ ነው። ስታወሩ ሳነብ ነበር። ድንጋዩን የወረወረውን ልጅ አውቀዋለሁ፣ ካዛንቺስ ሳለን ጎረቤት ነበርን፣ ቤቴ ምሳ ይበላ ነበር፣ እናቱ ኪሩቤልን አዝላው ታውቃለች። በ2017 ሰፈሩ ሲፈርስ እነሱም እኛም ወደተለያየ ኮንዶሚኒየም ሄድን፣ ልጆቹ እዚሁ ትምህርት ቤት ተገናኙ ግን ክላሳቸው ለየብቻ ሆነ፣ እንደድሮው አይደሉም። እኔን ያናደደኝ ከጥርሱ በላይ እስከዛሬ አለመደወላቸው ነው።

የኦላና አባት፦ የወረወረው ልጅ አባት እኔ ነኝ። የኪሩቤል እናት፣ ያልደወልኩት ተከልክዬ ነው፣ ጉዳዩ ወረዳ ትምህርት ጽህፈት ቤት ሄዷል እስኪያልቅ ከተጎጂ ወላጅ ጋር እንዳትገናኙ ብለውኛል። ልጄ ጥፋተኛ ነው፣ አልካደም። የጥርሱን እኔ እከፍላለሁ። ምን ተብሎ እንደጀመረ ግን እሱም ይጠየቅ።

የኪሩቤል እናት፦ ይጠየቃል። የኔም ልጅ ስድብ አፉ ውስጥ የለም አልልም። ነገ ከሥራ በኋላ ደውሉልኝ፣ ስልኬ ያው የድሮው ነው።

የናቲ አባት፦ ቆይ፣ አትገናኙ ያለው ማን ነው? እያጣሉን ነው የሚያስታርቁን? ቅዳሜ ይሄ አንደኛ አጀንዳ ይሁን

የሊዲያ እናት፦ ታዲያ የባህል ቀኑ ቀረ ማለት ነው? ሊዲያ ልብስ አስለክታለች እኮ 😔

የማህሌት እናት፦ አይቅር፣ ሰኔ ላይ ይሁን፣ ልብስ ደግሞ ያለው የወደደውን ይልበስ፣ ማህሌትም ከፈለገች የሊዲያን ትዋሳለች

አድሚን፦ 500 ብር ቀድማችሁ ያስገባችሁ ወላጆች አላችሁ። ለኪሩቤል ጥርስ ይሁን ወይስ ይመለስላችሁ? የኦላና አባት እከፍላለሁ ብለዋል፣ መስኮቱ ግን ባለቤት አላገኘም። ፖል ለቅቄያለሁ፣ እስከ ዓርብ ማታ ምረጡ።