ፔዳሉ የማይቆም ብስክሌት የኋላ ፍሬን ያስፈልገዋል?

ባለ አሮጌው ብስክሌት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ተማሪ ያገለገለ ፊክስድ ጊር በ180 ዶላር ገዛሁ። ለማያውቀው፦ ፔዳሉ ከኋላው ጎማ ጋር የተያያዘ ነው። ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ ቁልቁለት ላይ እግርን አሳርፎ መውረድ ብሎ ነገር የለም። የፊት ፍሬን አለው፣ የኋላ የለውም፤ ለኋላ ፍሬን የተበሳው ቀዳዳ ግን ባዶውን ተቀምጧል።

ቤቴ ኮሎምቢያ ሃይትስ ነው፣ ሥራዬ መሀል ከተማ። ጠዋት በ15ኛው መንገድ፣ ሜሪዲያን ሂል ፓርክን ታክኬ ስወርድ ፔዳሉ እግሬን ይዞት ይበርራል። ሻጩ «በእግርህ ትይዘዋለህ፤ የኋላ ፍሬን መልኩን ያበላሸዋል» ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ «የልጅ አባት በአንድ ፍሬን አይወጣም» ትላለች። ማንን ልስማ?

በነገራችን ላይ የኋላው ጎማ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ የመዳፍ ያህል፣ ክሩ እስኪታይ ተበልቷል። ሌላው አካሉ ገና አዲስ ነው። ይህስ ምን ይሆን?

ቢጫ ሄልሜት

ምን ያከራክራል? ሁለት ጎማ፣ ሁለት ፍሬን። ፍሬን በ30 ዶላር ይገኛል። ጥርስ ማስተከል ስንት እንደሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ?

የጣና ዳር መካኒክ

ቢጫ ሄልሜት፣ በጥርሱ እስማማለሁ፣ በፍሬኑ አልስማማም።

ባሕር ዳር ሳድግ የምንነዳቸው ብስክሌቶች አብዛኞቹ ፍሬን የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የምናቆመው ኮንጎ ጫማችንን ጎማው ላይ ተጭነን ነበር። እናቴ የቀኝ ጫማዬ ብቻ ለምን እንደሚያልቅ እስከ ዛሬ አልገባትም። ከተማዋ ሜዳ ባትሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ አልነበርኩም። አሁን ሥራዬ ብስክሌት መጠገን ነው፤ ለራሴም ፊክስድ ጊር እነዳለሁ፣ በአንድ የፊት ፍሬን።

ወንድሜ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ስትይዝ ክብደትህ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊቱ ጎማ መሬቱን ይነክሳል፣ የኋላው ይቀልና መንሸራተት ይጀምራል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየሄድክ ደረቅ አስፋልት ላይ በፊት ፍሬን ብትይዝ በግምት 5 ሜትር ላይ ትቆማለህ፤ በኋላው ብቻ ከሆነ 10 ሜትር ገደማ ትፈልጋለህ። በእግርህ ፔዳሉን ስትቃወም የምትይዘውም ያንኑ የኋላውን ጎማ ነው። ታዲያ በዚያው ጎማ ላይ ሌላ ፍሬን ብትጨምርበት ከመንሸራተት በላይ የሚሰጥህ ነገር ትንሽ ነው። ሻጩ የፊቱንም አውልቆ ሸጦልህ ቢሆን ኖሮ ግን ገንዘብህን አስመልስ እልህ ነበር።

የጎማው ነገር ነው ይበልጥ ያሳሰበኝ። ካቴናው የተጠመጠመባቸውን የፊትና የኋላ ጥርሶች ቁጠርልኝ። 48 እና 16 እንደሚሆኑ እወራረዳለሁ። 48ን ለ16 ስታካፍል 3 ይወጣል፣ ትርፍ የለውም፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ልክ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የሸጠልህ ሰው ሁልጊዜ ያንኑ እግር አስቀድሞ ጎማውን እየቆለፈ ሲያንሸራትት መሬቱን የሚነካው ያው አንድ ቦታ ነው። የኋላው 17 ጥርስ ቢሆን ኖሮ 17 ቦታ ላይ ይከፋፈል ነበር። ስለዚህ ጎማውን ዛሬውኑ ቀይር፣ ጥርሱንም በ17 አስቀይር፤ ዳገቱም ትንሽ ይቀልልሃል።

ሌላው፣ ትንሹን የኋላ ጥርስ የምትቆልፍ ቀለበት አለች። እግርህ ወደ ኋላ ሲቃወም ጥርሱ ተፈትቶ እንዳይወጣ የምትይዘው እሷ ናት። ከሌለች ወይም ከላላች እግርህ ፍሬን ነው የሚለው ነገር ሁሉ ተረት ነው። ካቴናውንም መሀሉ ላይ አንሳው፤ ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙም መብለጥ የለበትም። ስትፈትሽ ግን ጎማው እየዞረ ጣትህን አታስጠጋ። ይህ ብስክሌት ጣትህ ስለገባ ብሎ አይቆምም።

ስለ ሕጉ ካሰብክ፣ የዲሲ ደንብ ፊክስድ ጊርን ለይቶ ያነሳዋል፤ ነጂው በፔዳሉ ማቆም እስከቻለ ድረስ የተለየ ፍሬን አያስገድድም። ስለዚህ ፖሊሱን ተወውና ቁልቁለቷን አስብ።

ዝናብ የለመደች

እኔ ለንደን ነኝ። እዚህ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ደንብ ሁለት የማቆሚያ መንገድ ይጠይቃል፤ የማይቆመው ፔዳል እንደ አንዱ ይቆጠራል፣ የፊት ፍሬን ግን ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፊት ፍሬን በሌለው ፊክስድ ጊር አንዲት እግረኛ ተገጭታ ሞታ፣ ነጂው በማግስቱ ዓመት 18 ወር ተፈርዶበታል። የኋላ ፍሬኑን በተመለከተ የመካኒኩን ሐሳብ እደግፋለሁ።

ጉልበቴን አደራ

ሁላችሁም ጤነኛ ጉልበት ያላችሁ ሰዎች ትመስላላችሁ። እኔ ሁለት ዓመት በእግሬ ስይዝ ከርሜ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። የኋላ ፍሬን አስገጠምኩ፤ ቁልቁለቱ ላይ በእሱ ቀስ እያደረግሁ እወርዳለሁ፣ እግሬ ዝም ብሎ ይከተላል። መልክ ያበላሻል የሚለው ሰው ጉልበቴን ይክፈለኝ።

የጣና ዳር መካኒክ

ይህኛው ምክንያት ትክክል ነው፤ እኔ ዘልዬው ነበር። አንድ ሌላም አለ። አንዳንድ የኋላ ጎማ በአንድ ወገን ፊክስድ፣ በሌላው ወገን እንደማንኛውም ብስክሌት ፔዳሉን የሚለቅ ጥርስ አለው። ገልብጠህ በዚያኛው ወገን የምትነዳ ከሆነ እግርህ ምንም አይዝልህም፤ ያኔ የኋላ ፍሬን ያለ ክርክር ይገባል።

ባለ አሮጌው ብስክሌት (ጠያቂ)

ጋሽ መካኒክ፣ ቆጠርኩ። 48 እና 16። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ስለነበር «ይህን ሰውዬ ሳያይ እንዴት አወቀ?» አለች።

ቀለበቷም አለች። ግን በጣቴ ስነካት ዞረች። ላጥብቃት ብዬ ወደ ቀኝ ሳዞራት ደግሞ ይባስ ላላች። ጥርሷ ተበልቶ ይሆን?

የጣና ዳር መካኒክ

አልተበላችም፤ እሷ የምትጠብቀው ወደ ግራ ነው። ጥርሱ ሊፈታ ሲል እንድትቃወመው ተብላ በተቃራኒው የተሠራች ናት። ነገር ግን በጣት የምትዞር ከሆነ እስካሁን ያን ቁልቁለት የወረድከው በፊት ፍሬንህ ብቻ ነው። ነገ በአውቶቡስ ሂድ። ለቀለበቷ የራሷ መንጠቆ ቁልፍ ስላላት በመዶሻና በመሮ እንዳትመታት፤ መጀመሪያ ጥርሱን ጥብቅ አድርገው፣ ከዚያ እሷን። የፊቱንም ፍሬን ሽቦ እጀታው ውስጥ በሚገባበት በኩል እየው። አንዲት ክር እንኳ ተበጥሳ ካየህ ቀይረው፤ ዋጋው ከቡናህ አይበልጥም።

ባለ አሮጌው ብስክሌት (ጠያቂ)

ሦስት ክር ተበጥሷል።