«ደሙ አስቀድሞ ይናገራል» ስለሚባለው

የታቦር እናት፦ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐዋሳ በተደረገ የወላጆች ውይይት ላይ አንድ ባለሙያ፣ ከሦስት ወር ሕፃን ተረከዝ በሚወሰድ ጠብታ ደም ውስጥ ያሉ ሊፒዶች (የስብ ዓይነቶች) ልጁ እንዴት እንደሚያድግና ኋላም ይወፍር እንደሆነ እንደሚያመለክቱ ሲያስረዱ «ደሙ አስቀድሞ ይናገራል» አሉ። ይህ አባባል አናዶኛል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩት ግን 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ታዲያ የሚያሳስበን የትኛው ነው?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ሁለቱን አይነጣጥሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በሆላንድ ረሃብ በገባበት ክረምት፣ በእርግዝናቸው የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ከተራቡ እናቶች የተወለዱ ወንዶች በ19 ዓመታቸው ሲመዘኑ ውፍረት በዝቶባቸው ተገኝቷል። ዛሬ የተጎዳ ልጅ ነገ ሊወፍር ይችላል ማለት ነው። በእንግሊዝ ካምብሪጅም በወረቀት ላይ ከደረቀ የሕፃናት ደም የጡትና የቆርቆሮ ወተት የጠጡት የሊፒድ ይዘት የተለያየ መሆኑ፣ ከሊፒዶቹም አንዳንዶቹ ከክብደት አጨማመር ጋር መያያዛቸው ታይቷል።

ሲስተር፦ «መያያዝ» እና «መናገር» አንድ አይደሉም፤ እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። የእናት ጡት ወተት ከቆርቆሮ ወተት ይልቅ ኮሌስትሮል ስላለው ጡት የሚጠባ ሕፃን በደሙ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ከፍ ይላል፤ ሲያድግ ግን ከሌላው በልጦ አይገኝም። ባለፈው ወር ልጇን ታቅፋ የመጣች እናት፣ የክንድ መለኪያውን ሳጠልቅለት «ወተቴ ቀጭን ነው ይሉኛል፣ ላቁምለት?» ብላ ጠይቃኛለች። ለእርሷ «የልጅሽ ደም ስብ አለበት» ቢባል ያን ቀን ጡት ታስጥለው ነበር።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ሲስተር፣ እኔ የማወራው ስለ ጠቅላላ ኮሌስትሮል አይደለም። ፎስፋቲዲልኮሊንና ስፊንጎማይሊን የሚባሉትን ጨምሮ በጣም ብዙ የሊፒድ ዓይነቶች አሉ፤ የሚታየው የእነርሱ ድርሻ ነው።

ሲስተር፦ እርሱን ቢሆን ለእናቲቱ ማን ያስረዳታል? በብዙ ሕፃናት አማካኝ ላይ የታየ ልዩነት የአንድን ልጅ ዕጣ አይወስንም። «ይናገራል» ያሉት ባለሙያ ይህን ለይተው ሊያስረዱ ይገባ ነበር።

የአቶቴ አባት፦ ሁለት በመቶ የሚባለው የመላው አገር ቁጥር ነው፤ የእኛ ሰፈር ልጆች ከሱቅ የሚገዛላቸውን ብስኩትና ለስላሳ ማን ቆጠረው? ልጄ የስምንት ወር ሳለ ጉንጩ ሲሞላ ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ፣ አማረበት!» ይል ነበር። ክብደቱ በፍጥነት የሚጨምር ሕፃን ኋላ የመወፈር ዕድሉ ከፍ እንደሚል የነገረኝ ግን የለም።

የታቦር እናት፦ ወንድሜ፣ እርስዎ የሚሉትን ሚዛንና የእድገት መከታተያ ካርዱ ያሳያሉ፤ ለዚያ ደም አያስፈልግም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ሚዛኑ የሚያሳየው ክብደቱ ከጨመረ በኋላ ነው። እኛ የምንፈልገው ከዚያ በፊት ማወቅ ነው።

ሲስተር፦ አወቁ እንበል። የሦስት ወሩን ሕፃን እናት ጡት ብቻ አጥቢው ከማለት ሌላ ምን ይሏታል? ይህንንማ ያለ ደም ምርመራም በየቀኑ እንላታለን።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ የቆርቆሮ ወተቱ ስብ እንዴት ይዘጋጅ የሚለውን መመለስ የሚቻለው ግን በዚሁ ምርመራ ነው፤ ጡት ማጥባት ያልቻለች እናትም አለች እኮ።

የታቦር እናት፦ እርሷን ያስቧት፤ እኔም አስባታለሁ። «ይናገራል» የሚለውን ቃል ግን አሁንም አልቀበልም።